«ር» ስጽፍ ቃል የሚሰርዘው ሼል፦ ከጎንደር የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 19፣ ማታ

ፒያሳ ያለው የአክስቴ ማተሚያ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ደቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜበት የፋይል ማስቀመጫ ሰርቨር አድርጌዋለሁ። የሠርግ ካርዱ፣ የተዝካር መጥሪያው፣ የማኅበር ባነሩ፣ የጥምቀት ቲሸርት ንድፉ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እኔ ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያ ፕሮግራም ነው) እየገባሁ፣ በሼሉ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚቀበለው ፕሮግራም፣ አስተዳድረዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፊት ለፊት ካለው ኮምፒውተር ገብታ ትእዛዝ ትመዘግብበታለች።

ጥር ሊገባ ነው። እዚህ ጥር ማለት ሠርግና ጥምቀት ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቁጭ የሚባልበት ጊዜ አይኖርም። ባለፈው ሳምንት አክስቴ፣ «ልጄ፣ ደንበኛው መጥቶ የአምናው ካርድ የታለ ሲለኝ በምን ልፈልግለት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የፋይሎቹ ስም በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። «ሠርግ» የምትለዋን አንድ ቃል ብቻ አራት ዓይነት አጻጻፍ አገኘሁባት። ስለዚህ ከጥር በፊት ስሙን ሁሉ ወደ አማርኛ ልቀይር ወሰንኩ።

ዛሬ ገብቼ ጀመርኩ። «ኤልኤስ» (ፋይል የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ብዬ፣ ክፍት ቦታ ሰጥቼ፣ «ሠ»ን ስጽፍ ከፊቱ ያለው ትእዛዝ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ። ደግሞ ጠፋ። «ጎንደር» ብዬ ስጽፍ ደግሞ ገና በ«ጎ» ስክሪኑ በሙሉ ጸዳ። ላፕቶፑ ቲን ቲን ይላል። «ር» ላይ ስደርስ የፕሮምፕቱ (ሼሉ ትእዛዝ የሚጠብቅበት ምልክት) ቦታ ላይ «አርግ» የሚል ቃልና ከመቀነስ ምልክት ጋር የ1 ቁጥር መጣ። አንድም የአማርኛ ፊደል ስክሪኑ ላይ አልወጣም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኪቦርዱን ነው። ላፕቶፔ ላይ የምጽፈው አይባስ በሚባለው የአጻጻፍ ፕሮግራም ነው፤ በላቲን ቁልፍ አማርኛ የሚያስጽፈውን ሴራ የሚባል ስልት እጠቀማለሁ። ከሰርቨሩ ወጥቼ እዚያው ላፕቶፑ ተርሚናል ላይ «ጎንደር» ብዬ ጻፍኩ። ጥርት ብሎ ወጣ። ኪቦርዱ ነፃ ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ 4 ሆኗል፣ ልተኛ።

ታኅሣሥ 20

ጥያቄው አንድ ነው፦ ፊደሉ ሰርቨሩ ድረስ በጤና ይደርሳል ወይ? ከደረሰ ጥፋቱ ሰርቨሩ ውስጥ ነው። ካልደረሰ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የተጻፈለትን መልሶ የሚያወጣው «ካት» የሚባል ትእዛዝ ነው። ሰርቨሩ ላይ ገብቼ «ካት» ብዬ ኢንተር መታሁ። «ጎንደር» ጻፍኩ። ወጣ! ምንም አልጠፋም፣ ምንም አልጸዳም። የ«ካት»ን ውጤት የእያንዳንዱን ባይት ቁጥር ወደሚያሳየው «ኦዲ» ላክሁና ያገኘሁትን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፦

ጎ — 341 214 216
ን — 341 212 225
ደ — 341 213 260
ር — 341 210 255

መጨረሻ ላይ 012 አለ፤ እሱ ኢንተሩ ነው። ቁጥሮቹ በስምንት ቤት የሚቆጠሩ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ዩኒኮድን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 4 ፊደል፣ 12 ባይት። አንዱም አልጎደለም። መንገዱ ሰላም ነው።

ታዲያ «ካት» ውስጥ በደኅና የወጣው ፊደል ሼሉ ውስጥ ለምን ያብዳል? «ካት» ውስጥ የምንጽፈውን የሚቀበለው ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ነው። በሼሉ (ስሙ ባሽ ነው) ፕሮምፕት ላይ ግን መሃል የገባ ሌላ አለ፤ ሪድላይን ይባላል። ከርሰሩን ወደ ኋላ የሚወስደው፣ በቀስት የድሮ ትእዛዝ የሚያመጣው፣ በታብ ስም የሚሞላው እሱ ነው። የሪድላይንን ሁኔታ «ባይንድ» በሚለው ትእዛዝ አስወጥቼ ሜታ የሚል ቃል ያለበትን ብቻ ለየሁ። «ኮንቨርት-ሜታ» ክፍት ነው።

እዚህ ጋ ገባኝ። ድሮ አንዳንድ ኪቦርዶች ላይ ሜታ የሚባል ቁልፍ ነበር። ከፊደል ጋር ሲጫኑት የባይቱን ስምንተኛ ቢት ያበራል። «ኮንቨርት-ሜታ» ሲከፈት ሪድላይን ስምንተኛው ቢት የበራበትን ባይት ሁሉ «ሰውየው ሜታን ተጭኖ ነው» ብሎ ይወስደዋል። ቢቱን ያነሳና ከፊቱ ኤስኬፕ ያስቀምጥበታል። የእኛ ፊደል ግን ሦስቱም ባይቱ ስምንተኛ ቢቱ የበራ ነው። ስለዚህ ሪድላይን ፊደል አያይም፤ የሚያየው ሦስት ትእዛዝ ነው።

«ር»ን በእጄ አሰላሁት። 341 በአሥር ቤት 225 ነው። 128 ሲቀነስ 97፣ ማለትም ትንሿ የላቲን «ኤ»። ሜታ-ኤ ምንም ሥራ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ቲን ይላል። 210 ማለት 136 ነው። 128 ሲቀነስ 8፣ ማለትም ኮንትሮል-ኤች። ሜታ-ኮንትሮል-ኤች ሪድላይን ውስጥ «ከኋላ ያለውን ቃል ሰርዝ» ማለት ነው! 255 ማለት 173፤ ሲቀነስ 45፣ የመቀነስ ምልክት። ሜታ-መቀነስ ደግሞ «ቁጥር ልሰጥህ ነው፣ ጠብቅ» ማለት ነው። «አርግ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው።

የ«ጎ»ም እንዲሁ። 214 ሲቀነስለት ኮንትሮል-ኤል ይሆናል፤ ሜታ-ኮንትሮል-ኤል በአዲሶቹ ባሾች ስክሪን ማጽጃ ነው። እብደት የመሰለኝ ነገር በሙሉ ሥርዓት ያለው ነው። ሼሉ የታዘዘውን እያንዳንዷን ነገር አድርጓል።

ይህን ሳውቅ የፊደል ገበታውን ወደማየት ሄድኩ። መካከለኛው ባይታቸው 210 የሆኑት ከ«ሀ» እስከ «ሿ» ያሉት 64 ቦታዎች ናቸው። የ«ሀ»፣ የ«ለ»፣ የ«ሐ»፣ የ«መ»፣ የ«ሠ»፣ የ«ረ»፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ቤተሰብ በሙሉ ማለት ነው። «ሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት ጊዜ ቃል ሰርዝ ብሎ አዟል። አማርኛ ያለ «ለ»ና ያለ «መ» አይጻፍም፤ አማርኛ ሼል ላይ አይሠራም ብለው የተዉት ሰዎች ብዙዎቹ ያዩት ይህንን ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 22

ዛሬ ተሳሳትኩ፤ የተሳሳትኩትንም ልጻፈው።

ቤት ማውጫዬ ውስጥ አዲስ የኢንፑትአርሲ ፋይል ከፈትኩ፤ የሪድላይን ማስተካከያ የሚጻፍበት ነው። አንድ መስመር ብቻ፦ ሴት፣ ኮንቨርት-ሜታ፣ ኦፍ። ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያ ኮንትሮል-አር ተጫንኩ፤ ይህ ሪድላይን ማስተካከያውን ሳንወጣ እንዲያነብ ያደርገዋል። ወጥቼም ገባሁ። «ጎንደር» ጻፍኩ።

ቃል መሰረዙ ቆመ። ስክሪኑም አልጸዳም። ግን ፊደል የለም። የወጣው እንዲህ ነው፦ \341\214\216\341\212\225 እያለ ይቀጥላል። ያ የደብተሬ ቁጥር ራሱ! «ኤልኤስ» ስልም የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች በነጠላ ጥቅስ ውስጥ እነዚህኑ ቁጥሮች ለብሰው ወጡ።

አንደኛው ምክንያት ቶሎ ተገኘ። ደቢያን ለሁሉም ተጠቃሚ የሚሆን የኢንፑትአርሲ ፋይል በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ አለው። ስምንተኛ ቢቱ የበራ ባይትን እንዳለ የሚያሳየው «አውትፑት-ሜታ» የሚከፈተው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ የራስህ ፋይል ከኖረህ ግን ሪድላይን የኢቲሲውን ጭራሽ አያነብም። እኔ አንድ መስመር ስጨምር ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። መፍትሔው የራስህ ፋይል መጀመሪያ ላይ በኢንክሉድ ትእዛዝ የኢቲሲውን መጥራት ነው። ጠራሁት። ፊደሉ ወጣ።

ደስ ብሎኝ ባክስፔስ መታሁ። «ር» ግማሽ ሆነች፤ በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሳጥን ተተካ። ሦስት ጊዜ ስመታ ነው አንዷ ፊደል የጠፋችው። ከርሰሩም ከጽሑፉ ርቆ ቆሟል። ሪድላይን አሁንም 12 ነገር እንጂ 4 ፊደል አያይም። ምልክቱን ነው የሸፈንኩት፤ በሽታው አለ።

መብራት ሄደ። ሰርቨሩ ባትሪ ላይ ስለሆነ ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 24

በሽታው ሎኬል ነው። ሎኬል ማለት ፕሮግራሞች ቋንቋንና የፊደል አጻጻፍን የሚጠይቁበት ማስተካከያ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን አይቼው አልፌዋለሁ። ሰርቨሩ ላይ የሎኬሉን ስም የሚይዘውን የላንግን ዋጋ ስጠይቅ የአማርኛ-ኢትዮጵያ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መልሶልኝ ነበር። ትክክል ስለመሰለኝ ወደ ሌላ ሄድኩ።

ዛሬ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ሎኬል ቻርማፕ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ አሁን በትክክል በየትኛው የፊደል ስብስብ እየሠራህ ነው ማለት ነው። መልሱ፦ አንሲ ኤክስ3.4-1968። ይህ የአስኪ፣ የጥንቱ የላቲን ፊደል ስብስብ፣ የወግ ስሙ ነው። 128 ቦታ፣ አንድም ግዕዝ የሌለበት። ላንግ ስሙን ይናገራል፤ ቻርማፕ ያለውን ይናገራል። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ እውነቱ ያለው ቻርማፑ ጋ ነው።

ለምን እንደተለያዩም ታየኝ። ላፕቶፔ በአማርኛ ሎኬል ነው የሚሠራው። ኤስኤስኤች ስገባ የላንግን ዋጋ ይዞልኝ ይገባል፤ ደቢያን ላይ የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ሰርቨሩም ይቀበለዋል። ግን የአማርኛው ሎኬል ሰርቨሩ ላይ አልተሠራም። ስሙ ደረሰ፣ ዕቃው የለም። ሲጠፋ ደግሞ ፕሮግራሞቹ አስኪን ብቻ ወደሚያውቀው ጥንታዊ «ሲ» ሎኬል ይመለሳሉ። ሪድላይንም በሲ ሎኬል ውስጥ «ኮንቨርት-ሜታ»ን የሚከፍተው በራሱ ነው። ማንም ክፉ መስመር አልጻፈበትም።

እንዲያውም ፕሮግራም በጫንኩ ቁጥር ፐርል «ሎኬሉን ማስተካከል አልቻልኩም» እያለ በረጅሙ ያስጠነቅቅ ነበር። ሥራው ስለሚያልቅ ሳላነበው ነው የማልፈው። ከእንግዲህ አነበዋለሁ።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባለው የሎኬል-ጄን ፋይል የአማርኛው መስመር ከፊቱ መሰላል ምልክት አለበት፤ ዝለለው ማለት ነው። ምልክቱን አነሳሁ፣ «ሎኬል-ጄን» አልኩ፣ ወጥቼ ገባሁ። ቻርማፕ፦ ዩቲኤፍ-8።

የኢንፑትአርሲ ፋይሌን አጠፋሁት። «ኮንቨርት-ሜታ»ን ጠየቅሁ፤ ሳልነካው ተዘግቷል። «ጎንደር» ጻፍኩ፣ ባክስፔስ አንድ ጊዜ፣ «ር» ብቻ ሄደች። ቀስቱን ወደ ኋላ ወሰድኩት፣ ፊደል በፊደል ይሄዳል። ታብ ስመታ «ሠር» ያልኩትን ራሱ ሞላልኝ። እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ አክስቴን ጠራኋቸው። ስክሪኑን አይተው፣ «እንዲህ በፊደላችን ከተጻፈማ እኔም አገኘዋለሁ» አሉ።

ቀኑን ስጠይቀውም የሳምንቱን ቀን በአማርኛ ይነግረኛል። አቆጣጠሩ ግን የፈረንጁ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ለምዝገባ እንዳንጠቀምበት ለአክስቴ ልጅ ነግሬያታለሁ።

ታኅሣሥ 27

አላለቀም። ዛሬ ጠዋት የአክስቴ ልጅ «አሁንም የደንበኛው ስም ይበላሽብኛል» አለችኝ። «አሁንም» ማለቷ ገረመኝ። ለካ ወራት ሆኖታል፤ ኮምፒውተሩ ነው ብላ ችላው ነበር።

ትእዛዝ የምትመዘግበው በትንሽ የባሽ ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ «የደንበኛ ስም፦» ብሎ ይጠይቃታል፣ ትጽፋለች፣ በዚያ ስም ማውጫ ይከፍታል። ሳትሳሳት ከጻፈች ደኅና ነው። ባክስፔስ ከመታች ግን የስሙ ጫፍ ላይ የጥያቄ ምልክት ይቀራል።

አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። «ጎንደር» ጽፋ አንዴ ባክስፔስ መታች። ስክሪኑ ላይ «ር» ጠፋች፣ «ጎንደ» ቀረ። ኢንተር። ያለቀ ይመስላል። ስሙን በ«ኦዲ» ሳየው ግን «ጎንደ» 9 ባይት መሆን ሲገባው 11 ነው። መጨረሻው 341 210 ነው። የ«ር» ሁለት ባይት ቀርቷል። ስክሪኑ ሙሉ ፊደል አጥፍቷል፣ ማሽኑ ግን ሲሶውን ብቻ።

ይህ ከሪድላይን ጋር አይገናኝም። ስክሪፕቱ ውስጥ ያለው «ሪድ» የሚባለው ትእዛዝ፣ እንደ «ካት» ሁሉ፣ በከርነሉ በኩል ነው የሚቀበለው። ባክስፔስን የሚያስተናግደው ከርነሉ ነው። ከርነሉ ፊደል በዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚያውቀው አይዩቲኤፍ8 የሚባል ምልክት ሲበራለት ነው። «ኤስቲቲዋይ» በሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩን አወጣሁ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለ፤ ጠፍቷል ማለት ነው።

ማን አጠፋው? ኤስኤስኤች ከ7.3 ጀምሮ ምልክቱን ራሱ ያደርሳል፤ የሁለታችንም ከዚያ በኋላ የወጣ ነው። ስትገባ ባሽ የሚያነበውን የባሽአርሲ ፋይሏን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ኤስቲቲዋይ ሴን» ይላል። ተርሚናል ሲዛባ ወደ ጤናው የሚመልስ ትእዛዝ ነው፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ችግር ተጽፎ የቀረ ይመስላል። ግን «ሴን» ጤና ከሚላቸው ነገሮች አንዱ አይዩቲኤፍ8ን ማጥፋት ነው። ማኑዋሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። በገባች ቁጥር ያጠፋባታል።

መስመሩን አነሳሁ። ወጥታ ገባች። «ጎንደር»፣ አንድ ባክስፔስ፣ 9 ባይት። ደግማ ሞከረችው። «ስንት ስም ነው ዝም ብዬ ከመጀመሪያው የጻፍኩት» አለች። ጊዜዋን ያቃጠለባትን ነገር ቀድሜ ባለመጠየቄ አዘንኩ።

ታኅሣሥ 29

ገና ነው። ሥራ የለም።

ጥር 2

የተበላሹትን ስሞች ማጽዳት። መጀመሪያ መለየት አለባቸው። መስመር ፈላጊውን ግሬፕን «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትክክለኛ ፊደል የሆነውን መስመር ተውና ሌላውን አሳየኝ» ማለት ይቻላል፤ ነጥብና ኮከብ ሰጥቶ በኤ፣ በኤክስና በቪ አማራጭ መጥራት ነው። ነጥብ ማለት አንድ ፊደል ስለሆነ ጎዶሎ ባይት አይገጥመውም። ይህ የሚሠራው ሎኬሉ ዩቲኤፍ-8 ሲሆን ብቻ ነው። 23 ማውጫ ወጣ።

ጎዶሎውን ስም በኪቦርድ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ በቁጥር ያዝኳቸው። «ኤልኤስ»ን ከአይ አማራጭ ጋር ስንጠራው የእያንዳንዱን ፋይል አይኖድ (መለያ) ቁጥር ያሳያል። በዚያ ቁጥር በ«ፋይንድ» ፈልጌ ስሙን ቀየርኩ። የአክስቴ ልጅ ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ ትክክለኛውን ስም ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ጨረስን።

አንድ የእኛው የሆነ ችግር አለ። ካርዱ ላይ «ሠርግ» ይባላል፣ ፋይሉ ላይ አንዳንዱ «ሰርግ» ብሎታል። ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ቃሎች ናቸው። ሁለቱን በቀኝና በግራ ቅንፍ አድርጌ፣ [ሠሰ]ርግ ብዬ ስፈልግ ሁለቱም ይመጣሉ። በሲ ሎኬል ጊዜ ይህ አይሠራም ነበር፤ ቅንፉ ውስጥ የሚገባው አንድ ባይት ብቻ ነው። የ«ሀ»፣ የ«ሐ»ና የ«ኀ»ን ጉዳይም በዚሁ እንይዘዋለን።

ጥር 4

ሁለት ትንንሽ ነገር።

በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆኜ ሁለት ትእዛዝ በአንድ መስመር ልለይ ስል የምመታው ቁልፍ «፤» ይሰጠኛል። ሼሉ «፤»ን መለያ አድርጎ አያውቀውም፤ ከስሙ ጋር ያጣብቀዋል። «ሠርግ፤» የሚባል ማውጫ ሠርቼ አገኘሁት። ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት፦ አንድ መስመር፣ አንድ ትእዛዝ፣ ከዚያ ኢንተር።

ሁለተኛው ጓዳ ውስጥ ሞኒተር ሰክቼ በቀጥታ ስሠራ ነው። እዚያ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ነው፤ የኮንሶሉ ፎንት ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው የሚይዘው፣ የተጫነው ደግሞ ግዕዝ የለበትም። የደቢያን የኮንሶል ፎንቶች ማውጫ ውስጥ ስፈልግ ኢትዮጵያን-ጎሃ የሚል አገኘሁ፣ በ12፣ በ14 እና በ16 መጠን። ከከተማችን በላይ ያለውን የጎሃን ኮረብታ ስም በዚያ ጨለማ ጓዳ ማየቴ ደስ አሰኘኝ። «ሴትፎንት» ብዬ 16ቱን ጫንኩ። የማውጫዎቹ ስም ከላይ እስከ ታች በፊደል ተደርድሮ ወጣ። ኮንሶሉ ላይ አይባስ ስለሌለ መጻፍ አይቻልም፣ ግን ማንበብ ይቻላል፤ መብራት መጥቶ ሰርቨሩ ሲነሳ ሁሉ ነገር በቦታው መሆኑን ለማየት ይበቃናል።

ከፊት ያለው ክፍል ውስጥ የጥምቀት ቲሸርት መታተም ጀምሯል። የአክስቴ ልጅ «ጥምቀት» ብላ ታብ መታች።